ለዋሊድ ብለን የተማርነው አረብኛ

ባለፈው ከወልድያ ወደ መርሳ ስመጣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ሻንጣዋን ከፍታ የሆነ ነገር ስትፈልግ ሽታው ቀጥ ብሎ አፍንጫዬ ገባ። የአረብ አገር ዱቄት ሳሙና ነው። ሌላ ሳሙና እንዲህ አይሸትም፤ ልብሱ ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ ካለቀ በኋላ እንኳ ከክሩ አይለቅም። ረዳቱ «እህት፣ መርሳ ነሽ ውርጌሳ?» ብሎ ደጋግሞ ጠይቆኛል መሰለኝ፣ በመጨረሻ ተቆጣ። እኔ ያን ሰዓት ሐሳቤ እዚያ አልነበረም። ዋሊድ ቤታችን የመጣ ዕለት የለበሰው ሰማያዊ ሹራብ ነበር ዓይኔ ላይ የመጣው።

ዋሊድ የአክስቴ የዘሃራ ልጅ ነው። ጅዳ ተወልዶ እስከ ስድስት ዓመቱ እዚያው አደገ። አክስቴ የመኖሪያ ወረቀት የላትም፤ ሰው ቤት ተመላላሽ ሆና ነው የምትሠራው። ባሏ ልጁ ገና መራመድ ሲጀምር መንገድ ላይ ተይዞ ወደ አገር ተመለሰ፤ ቆይቶ እንደገና በባሕር ልሻገር ብሎ ከወጣ በኋላ ወሬው ጠፋ። ልጁን የሚይዝላት ሰው ስታጣ፣ ወደ አገር ለምትመለስ ለአንዲት የውርጌሳ ሴት አስይዛ ላከችልን። ጦርነቱ ከወልድያ ወዲያ ነው በሚባልበት ክረምት ነው የመጣው።

ሴትየዋ ደግ ናት፤ ከራሷ መውረጃ አልፋ መርሳ ድረስ አመጣችው። አስፋልቱ ዳር ለአያቴ ስታስረክበው «ይኸውላችሁ። ከአረብኛ በቀር አንድ ቃል አያውቅም። መንገዱን ሙሉ ላናግረው ብዬ ደከመኝ» አለች። እኛም አመንናት። ድሮም ዘሃራ ስትደውል ከኋላ የምንሰማው ድምፁ በአረብኛ ሲያወራ ነበር።

አያቴን አባዬ ነው የምንላቸው። ለሰፈሩ ሸህ ይማም ናቸው፤ ከገበያው ጀርባ ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ልጆች ቁርአን ያስቀሩ ነበር። ቤቱ ውስጥ እሳቸው፣ እናቴና እኔ ነበርን። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ መንገዱ ሲዘጋ ደሴ ማዶ ቀርቷል።

ዘሃራ ልጁ የገባ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደወለች። መንገድ አድክሞት ተኝቶ ነበር። «አትቀስቅሱት፣ ነገ እደውላለሁ» አለች። በነጋታው ኔትወርክ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ተከተለ። ከዚያ ታጣቂዎቹ ገቡ፣ ጦርነቱ መርሳን አልፎ ወደ ደቡብ ወረደና እኛ ከኋላው ቀረን። አክስቴ ልጇ ይኑር ይሙት ሳታውቅ፣ ልጁም እናቱ የት እንዳለች ሳያውቅ፣ ያ «ነገ» የተባለው ቀን መኸሩን ሙሉ ሳይመጣ ቆየ።

ዋሊድ መጀመሪያ ሰሞን ከሻንጣው ላይ አልነሳም አለ። እዚያው ላይ ይቀመጣል፣ እዚያው ላይ ያንቀላፋል። እናቴ የማሽላ እንጀራ ስታቀርብለት በጣቱ ጫፍ ገፋ አድርጎ አንድ ረጅም ነገር በአረብኛ ይናገራል። ጎረቤታችን እቴ ሐሊማ አንድ ቀን እንዲህ ሲል ደረሱና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አሚን፣ አሚን» አሉ። ለእቴ ሐሊማ አረብኛ ማለት ቁርአን ነው፤ በዚያ ቋንቋ ተራ ነገር ይወራል ብለው አያስቡም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላስብም ነበር፤ አብሬ አሚን አልኩ። እያደር ቋንቋውን ስይዝ ነው ልጁ በየምሳው «ይሄ ይኮመጥጣል፣ ሩዝ ነው የምፈልገው» ይል እንደነበር የገባኝ። ለእቴ ሐሊማ እስከዛሬ አልነገርኳቸውም።

አባዬ አረብኛ ያውቃሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኪታብ ሲያገላብጡ ነው የኖሩት። ጎረቤቱ ሁሉ «ሸህ ይማም እያሉ ምን ቸገረ» ብሎ ተሰብስቦ ሲጠብቅ፣ አባዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው ልጁን ጠየቁት። ወደ አማርኛ ቢመለስ «አንተ የተከበርክ ልጅ ሆይ፣ መብልን ትሻለህን?» የሚል ዓይነት ነገር ነው። ዋሊድ አፉን ከፍቶ አያቸው። የአባዬ አረብኛ ስለ ውርስ ክፍፍልና ስለ ጾም ነው፤ ሆዱን የቆረጠውን ልጅ የት ላይ ነው የሚያምህ ለማለት አልተሰናዳም። እሳቸው ግን አላፈሩም። ሳቃቸው እስኪያልቅ ሳቁና «እንግዲህ እንደገና መቅራት ሊኖርብኝ ነው» አሉ።

እናቴ አልወደደችውም። «አባዬ፣ እሱ አማርኛ ይልመድ እንጂ። ልጅ እኮ ነው፣ ወዲያው ይይዘዋል።»

«እስኪይዝስ ድረስ? እሱ አንድ ነው፣ እኛ ብዙ ነን። ለአንድ ልጅ ብለን ትንሽ ብንቸገር ምን እንሆናለን? ቆረጠኝ ብሎ የሚነግረው ሰው የሌለው ልጅ ቤቴ አስቀምጬ ዝም ልል አልችልም።»

«አንቱ ተማሩ። ልጄን ግን እንዳታስተምሩብኝ።» እናቴ ይሄን ስትል ወደ እኔ አላየችም። «ዘሃራም እንዲሁ ነበር የጀመረችው። እዚህ ሰፈር አረብኛ ያወቀች ልጅ አንዷም ቤቷ የለችም።»

እውነቷን ነው። በእኛ አገር ሴት ልጅ አረብኛ ትማራለች ማለት ትሄዳለች ማለት ነው። የእቴ ሐሊማ ልጅ ሰዓዳ እንዲያውም አልደበቀችውም፤ ዋሊድ መምጣቱን ከሰማች ማግስት ጀምሮ በየቀኑ እየመጣች መጥረጊያውን፣ ድስቱን፣ የልብስ መተኮሻውን እያነሳች የአረብኛ ስሙን ትጠይቀዋለች። መንገዱ ሲከፈት ሪያድ የምትገባ መስሏታል። እናቴ ሰዓዳ በመጣች ቁጥር ፊቷ ይጠቁርና ማሽላዋን ይዛ ወደ ወፍጮው ትሄዳለች። የመብራት ወፍጮዎቹ ስለቆሙ ሴቱ ሁሉ ወደ ድንጋዩ ተመልሶ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከየቤቱ የመጅ ድምፅ ይሰማል። እናቴ ስትናደድ ዱቄቷ ይልማል።

እኔ ከሰዓዳም ከአባዬም የተለየ ምክንያት ነበረኝ፣ ከሁሉም ያነሰ። ሻንጣው ውስጥ ማስቲካና ብስኩት አለ። ደግሞም እናቴ የማይገባት ቋንቋ ኖሮኝ ፊቷ እንደልቤ ባወራ ደስ ይለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ሥራዬ ዋሊድን መጠበቅ ነው። «ጠብቂው እንጂ አትማሪው» አለች እናቴ፣ ቀኑን ሙሉ አብረሽው ሁኚ ግን አትስሚው ማለቷ ነው። እንዴት እንደሚቻል አልነገረችኝም።

ወንዙ ዳር አባዬ ትንሽ የብርቱካን ቦታ አላቸው፣ ዙሪያውን ማሽላ ይዘሩበታል። ጠዋት ወደዚያ እንወርዳለን። ጥንቅሽ አሳየሁት፤ እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጠውን የማሽላ አገዳ ማለቴ ነው። መጀመሪያ የሸረፈ ጊዜ ከንፈሩን ቆረጠው፣ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር አልበላም አለ። ጥንቅሹን በእሱ ቋንቋ ምን እንደሚሉት ስጠይቀው አሰበ፣ አሰበ፣ ለእሱ ስም የለውም አለ። ለውሃ፣ ለድንጋይ፣ ለጉንዳን፣ ለቁስል ግን ነበረው። ማታ ማታ አባዬ ፊቱ ይቀመጡና እኔ ቀን የያዝኩትን እሳቸው ይይዛሉ። የእሳቸውን አርጩሜ የሚይዘው ዋሊድ ነው። ሲሳሳቱ መሬቱን ቸብ ያደርጋል። ከዚያ በፊት አባዬን እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

አንድ ቀን ታጣቂዎች በራችንን አንኳኩ። የሚጠጣ ውሃ ፈልገው ነው፣ ጠጥተው ሄዱ። ግን ከመግባታቸው በፊት እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሁላችንን አየችን። ዋሊድ አላስፈለገውም፤ እሷ ሳታይ ቀድሞ ግድግዳው ጥግ ተለጥፎ ትንፋሹን ውጧል። አረብ አገር ያደገ ልጅ ይሄን ከየት ተማረው ብዬ ገረመኝ። ጅዳም ጦርነት አለ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ኅዳር ላይ አንድ አባዬ የሚያውቋቸው ነጋዴ በእግራቸው ተራራውን አቋርጠው ከደሴ በኩል መጡ። የአባቴን ሰላምታ ይዘውልናል፤ ደህና ነው፣ ተመስገን። ሌላም ወሬ ነበራቸው። ቤት ውስጥ ተቀምጠን፣ ዋሊድ ከአባዬ እግር ሥር ጥንቅሹን እየሸረፈ፣ ነጋዴው እንዲህ አሉ፤ «ጅዳ ላይ ትልቅ አፈሳ ነው አሉ። የሐበሻውን ቤት እያንኳኩ ነው የሚወስዱት።»

እናቴ ራሷን ይዛ «ዘሃራ ተይዛለቻ» አለች። «ወረቀት የላት፣ ምን የላት። ተይዛለች።»

«ቀስ በይ» አሉ አባዬ፣ «ልጁ ፊት።»

«ልጁማ ምን ይሰማል ብለው ነው፣ አባዬ።»

አባዬ ጎንበስ ብለው ዋሊድን አዩትና ፈገግ አሉለት። እሱም ቀና ብሎ ፈገግ አለ። ጥርሶቹ መሀል የጥንቅሽ ጭረት እንደነበር አስታውሳለሁ።

ትንሽ ቆይቼ ስፈልገው ግን የለም። ወንዙ ዳር ብርቱካኑ ሥር አገኘሁት። ድምፅ ሳያወጣ ነበር የሚያለቅሰው፤ አፉን በሹራቡ እጅጌ ጠቅጥቆ። ምን ሆንክ አልኩት በአረብኛ። ቆረጠህ? ወደቅክ? ራሱን እየነቀነቀ ቆየና እጅጌውን ከአፉ አውጥቶ በአረብኛ «ማማን ወሰዷት» አለ።

ይሄን በአረብኛ የነገረው ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ወሬውን በቋንቋው ልንገረው ብል እንኳ አፈሳ የሚለውን ቃል አላውቀውም። ቆሜ ሳየው ቀስ እያለ ገባኝ። ሁሉንም ሰምቷል። የዛሬውን ብቻ አይደለም፣ ከመጣ ጀምሮ እናቴ ስለ ዘሃራ ያለችውን፣ ጎረቤቱ ስለ አባቱ ያወራውን፣ እኔ በአማርኛ የሰደብኩትን ሳይቀር።

«አማርኛ ታውቃለህ» አልኩት።

ዘሎ አፌን ያዘኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጦ በአረብኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ ቃል ሲያስተምረኝ እንደሚያደርገው ነገረኝ። ጅዳ ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። በሩ ሲዘጋና ቴሌቪዥኑ ጮክ ሲል እናቱ በአማርኛ ታጫውተዋለች፣ ተረት ትነግረዋለች። በሩ ሲከፈት አማርኛ ያልቃል። አባቱን የወሰዱት ሱቅ በር ላይ ከጓደኛው ጋር ሲያወራ ሰምተውት ነው። ስለዚህ እናቱ ስትልከው የነገረችው አንድ ነገር ነበር፦ እኔ በስልክ እስክነግርህ ድረስ ለማንም በአማርኛ እንዳትናገር። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እንዳይናገር ብላ ይሆናል፣ ወይም ደርሶ እስኪደወል ነው ያሰበችው። እሱ ግን ስልኩን እየጠበቀ ነው። ከተናገረ እናቱን የሚወስዷት መስሎታል።

«እዚህ እኮ ሰው ሁሉ አማርኛ ነው የሚያወራው» አልኩት። «ማንም አይወስድህም።»

«ታዲያ ጠመንጃ የያዙት ሲመጡ ለምን ዝም አላችሁ?»

ወላሂ በይ አለኝ፣ ለማንም አልናገርም በይ። አልኩ። ወላሂ ማለት ደግሞ አባዬ ቤት ቀልድ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ለእኔ ከባድ ነበሩ። እናቴ የዘሃራን ስም ልትጠራ አፏን ስትከፍት እኔ ድስት እጥላለሁ። እቴ ሐሊማ «ያቺ ምስኪን እስር ቤት» ብለው ሲጀምሩ እኔን ሳል ይይዘኛል። እናቴ ጂን ነካት መሰለኝ ብላ ለአባዬ ተናገረች። የሚገርመው ለዋሊድ ያዘንኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አባዬም ምንም ሳያውቁ ወሬውን በልጁ ፊት ማንሳት አይወዱም ነበር። ግን እናቴ እህቷ ናት፣ ጭንቀቷን የት ታድርገው። እኔም ትዝ ሲለኝ ያሳዝነኛል።

አንድ ምሽት አባዬ ዱዓ ሊያደርጉ ሲቀመጡ ድፍረት አገኘሁ። «አባዬ፣ ዛሬ ዱዓውን በአማርኛ አድርጉት። ለአክስቴ ለዘሃራ ጮክ ብለው አድርጉላት።»

«ለምን በአማርኛ?»

«እኛም እንዲገባን።»

አባዬ አዩኝ። ጥያቄ ሲበዛባቸው እንደሚያደርጉት ጺማቸውን ያዝ አደረጉና እጃቸውን ዘረጉ። «ዘሃራን ያለችበት ጠብቃት» አሉ። «አሚን» አልን። «ከያዛት ሁሉ አውጣት። ልጇን ሳታይ አታስቀራት። እሱንም ድምጿን ሳይሰማ አታስቀረው።» እኔ በእጆቼ መሀል አጮልቄ የማየው ዋሊድን ነበር። ትንንሽ መዳፎቹን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በእያንዳንዱ ላይ «አሚን» ይላል። አሚን የሁሉም ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም። በማግስቱ ጠዋት የማሽላ እንጀራውን ሳይገፋ በላ።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ወጡ፤ መጀመሪያ መኪና፣ ቆይቶ ደግሞ ወሬ መምጣት ጀመረ። ኔትወርኩ ሲመለስ ሰፈሩ በሙሉ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዞ ቆሞ ነበር። የእናቴ ስልክ የተሞላው ሶላር ባለው ባለ ሱቅ ቤት ነው። ይዛው ቤት እንደገባች ጮኸ። ከውጭ አገር ቁጥር ነው። እናቴ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ፋጡማ? እህቴ? አላችሁ?»

ዘሃራ ናት። አልተያዘችም ነበር። አፈሳው ሲበረታ አንዲት የምትሠራላት አሮጊት ቤት ተሸሽጋ ከርማለች፣ በየቀኑ ስትደውል ነው የባጀችው። እናቴ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቱ ድምፅ ሰምቶ ገባ፤ እቴ ሐሊማ፣ ሰዓዳ፣ የቁርአን ልጆች፣ ቤቱ ሞላ። ሰው ሁሉ ባንድ ላይ ያወራል። «ልጄስ?» አለች ዘሃራ። እናቴ ስልኩን ለዋሊድ ሰጠችው።

ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። «ዋሊድ፣ ልጄ፣ ማማ ናት» ትላለች በአማርኛ። እሱ ሰዉን አየ፣ በሩን አየ። ከዚያ አፉን ስልኩ ላይ አስጠግቶ በአረብኛ አንድ ነገር ጠየቃት።

«ምን አለ?» አለችኝ እናቴ። አትማሪው ያለችኝ እናቴ ናት እጄን ይዛ የምትጠይቀኝ። አባዬም ወደ እኔ ዞሩ፤ እንዲህ በሹክሹክታ ሲሆን አይሰሙም።

«አጠገብሽ ሰው አለ ወይ ነው የሚላት» አልኩ። «በአማርኛ ባወራ የሚሰማሽ አለ ወይ?»

ዘሃራ እያለቀሰች «ማንም የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ተናገር ልጄ፤ አሁን ተናገር» አለች።

ዋሊድ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አባዬ እንደሚያደርጉት። ከዚያ በመርሳ አማርኛ፣ በእኛው ዜማ፣ አባዬ በር ላይ እንግዳ ሲቀበሉ የሚሉትን አንድ ሳያስቀር አለላት። «እንዴት ከረምሽ ማማ? ደህና ከርመሻል? ሰውነትሽ ደህና ነው? ቤቱ ደህና ነው? ከብቱ ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።» ጅዳ ላይ ዘሃራ ምን ከብት አላት። ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። እናቴ አፏን በሻሿ ይዛ፣ ባለፉት ወራት ልጁ ፊት የተናገረችውን አንድ በአንድ እያስታወሰች እንደነበር ከዓይኗ አየሁት።

ዋሊድ ትንሽ ካዳመጠ በኋላ ስልኩን ከጆሮው አነሳና ወደ አባዬ ሄደ። «አባዬ፣ እንኩ» አላቸው። «አንቱን ትላለች።»

አባዬ ስልኩን ተቀበሉ። የልጁን ራስ በሌላው እጃቸው ያዙ።

«ዘሃራ» አሉ፣ «ልጅሽ አደራሽን አላጎደለም።»